የጋሼን እንቅልፍ ስንጠብቅ ሰውነቱን ረሳነው



እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ኬላና ስለ ዕቃ ዋጋ ነው። የቤት ገመና አናወጣም። እኛም ስለ ወንድማችን ለሃያ ዓመት ያህል ለሰው አልተነፈስንም። ባለፈው ወር ግን ጋሼ ራሱ «ጻፉት፤ ሌላውም ቤት እንደኛው እንዳይሳሳት። ስሜን ብቻ ተዉት» አለን። ስለዚህ ስሙን ትተን እንጽፋለን።

«እኛ» የምንለው ሦስት እህትማማቾች ነን። ቦሎቄ ወደ ኬንያ እንልካለን፤ ከናይሮቢ ደግሞ ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና የፕላስቲክ ዕቃ እናመጣለን። ከሦስታችን በንግድ ሥራ ዲፕሎማ ያላት ይህን የምትጽፈው ናት፤ ሂሳቡንም የምትይዘው እሷው ናት። ጋሼ ታላቃችን ነው። ወደዚህ ሥራ ያስገባን፣ የመጀመሪያውን መነሻ ገንዘብ የሰጠን፣ ከደላላው ጋር መከራከር ያስተማረን እሱ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ጋሼ አምስት ሌሊት አልተኛም። ሦስት ሱቅ በአንድ ጊዜ ሊከፍት ተነሳ፤ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ዕቃ በዱቤ ሰጠ፤ በሌለው ገንዘብ የጭነት መኪና ተዋዋለ። ንግግሩ ከአፉ ይቀድም ነበር። መጀመሪያ ደስታ መሰለን፤ ቀጥሎ ጫት ነው አልን፤ ከዚያ ደግሞ «ሰው አስነክቶት ነው» ተባለና ጸበል ወሰድነው። ሁለት ወር ቆይቶ ተገለበጠ። ከአልጋ አልወርድ አለ፤ ምግብ ተወ፤ «ለምን ተወለድኩ» ይል ጀመር። በመጨረሻ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ወስደነው የሕመሙን ስም ሰማን፤ ባይፖላር። ስሜት ያለ ልክ ከፍ የሚልበት፣ ያለ ልክም ዝቅ የሚልበት ሕመም ነው። በመካከል ሰውየው ራሱን ሆኖ የሚኖርበት ረጅም ጊዜም አለ። ጋሼም በደህናው ጊዜ ከሁላችንም የተሻለ ነጋዴ ነው።

ከዚያ በኋላ ናይሮቢ የሚከታተለው ሐኪም ሊቲየም አዘዘለት። ቆይቶ ሕመሙ አንዴ ሲያገረሽበት ኦላንዛፒን ተጨመረ። መድኃኒቱ ያዘው። እኛም የእንቅልፉ ዘበኞች ሆንን። «ስንት ሰዓት ተኛ? ስንት ሰዓት ተነሳ? ንግግሩ ፈጠነ ወይ? ለማን ዱቤ ሰጠ?» እያልን እርስ በርስ ስልክ እንደዋወላለን። አንዷ ናይሮቢ ስትሆን ሌላዋ ቤት ትቀራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ሳይተኛ ቀረ። ኮራን። ሥራችንን በደንብ የሠራን መሰለን።

ሰውነቱን ግን አላየነውም። ሱሪው በየዓመቱ ይጠብበው ነበር፤ «ተስማማው፣ ወዛ» አልን። ሲጋራውን በቀን አንድ ፓኬት ያጨስ ነበር፤ «ይሄንንም ከከለከልነው ምን ይቀረዋል» አልን። ደረጃ ሲወጣ ያለከልክ ነበር። ግፊቱን የለካው ሰው አልነበረም፤ ለኩልን ያልንም የለንም።

በ2014 ዓ.ም. ውሃ ጥሙ በዛ። ሁለት ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ይዞ ይዞራል፤ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳል። ሊቲየም ውሃ እንደሚያስጠማና ሽንት እንደሚያበዛ ሐኪሙ ድሮ ነግሮን ስለነበር «መድኃኒቱ ነው» ብለን ተውነው። ሲብስበት አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ተራው ደርሶ ገና ካርዱ ላይ የአእምሮ መድኃኒት እንደሚወስድ ሲታይ ጥያቄው ሁሉ ወደዚያ ሄደ፤ «ይረበሻል? ይተኛል?» ብቻ ሆነ። ከዚያ «ከመድኃኒቱ ነው፣ ውሃ ይጠጣ» ተብለን ተመለስን። ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ለወራት ያልነው ያንኑ ነው። አብረን ተሳሳትን።

ሦስት ወር ቆይቶ አዲስ ጫማ የግራ እግሩን ላጠው። ቁስሉ አልድን አለ። አልነገረንም። ሽታው ሲመጣ ነው ያወቅነው። ሪፈራል ሆስፒታል ስናደርሰው ስኳሩ 480 ነበር፤ ግፊቱም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። እግሩ ተረፈ፤ ነፍሱም ተረፈች። «አንድ ሳምንት ብትቆዩ ኖሮ» ያለችውን ሐኪም ፊት አንረሳውም።

እንዲህ ያለውን ጥማት ሊቲየምም ያመጣዋል፤ ስኳርም ያመጣዋል። ሁለቱን የሚለያቸው ግምት አይደለም፤ የጣት ደም ጠብታ ነው። በዚያች ጠብታ እጦት ሁለት ጣት ከፈልን።

ያቺው ሐኪም በአራተኛው ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ያልጠበቅነውን ጠየቀችው። «ልጅነትዎ እንዴት ነበር?» አለችው። እኛ ሦስታችን ቆመን ነበር። «ደህና ነበር» እንዲል ጠበቅን፤ ሁላችንም እንዲያ ብለን ነው የምናልፈው። ጋሼ ግን ጣሪያውን እያየ መናገር ጀመረ።

አባታችን የቀድሞው ጦር ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. አልተመለሰም። አስከሬንም፣ ወረቀትም፣ ጡረታም አልመጣም። እናታችን አራት ልጅ ይዛ እንጀራ እየጋገረች መሸጥ ጀመረች። ጋሼ 12 ዓመቱ ነበር። ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ «ወንዱን ስጪኝ፣ አስተምረዋለሁ» አላት። እናታችን እግሩ ላይ ወድቃ አመሰገነች። እኛም ጋሼ የተሻለ ቤት ሄደ ብለን ቀናንበት።

ያ ቤት ለሦስት ዓመት ማጀት አስተኛው። ከንጋት በፊት በጀሪካን ውሃ ይቀዳል፤ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሥራ ካለቀ ነው። የቤቱ ልጆች ከበሉ በኋላ የተረፈውን ይበላል፤ ካልተረፈ አይበላም። ዕቃ ሲሰበር፣ ሳንቲም ሲጠፋ፣ ወይም ያለ ምክንያት በኤሌክትሪክ ገመድ ይገረፋል። ሌሊት አልጋ ላይ ሲሸናበት ደግሞ ፍራሹን ተሸክሞ ሰፈር እንዲዞር ያደርጉታል። ሌላም ነገር ተናግሯል፤ እሱን አንጽፈውም። በ15 ዓመቱ ከአንድ ሹፌር ጋር ተለማምጦ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ወደ ቤት መጣ። እናታችን የጀርባውን ጠባሳ አይታ አለቀሰች፤ ከዚያ «ያለፈው አይነሳ» አለች። አልተነሳም። እኛም ሳንጠይቅ አርባ ዓመት ሞላን። እማዬ ነፍሷን ይማርና ምን ያህሉን እንዳወቀች አናውቅም።

ሐኪሟ አልተደነቀችም። «ይህን የምጠይቀው ለወሬ አይደለም» አለች። «ባይፖላር ያለበት ሰው በልጅነቱ ከተጎዳ፣ ሰውነቱም ይበልጥ እንደሚታመም ስለምናውቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ቀደም ብለን መለካት አለብን።»

እኛ ቁጥር ካላየን አናምንም። ስለዚህ ቀስ እያልን ጠየቅን፣ አነበብን። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ሐኪሞቹ ፌሊቲና አንዳ ያወጡት ትልቅ ጥናት አለ። አዋቂ ሰዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ፤ መደብደብ፣ መሰደብ፣ መደፈር፣ ቤት ውስጥ ጠብ ማየት፣ የመሳሰለውን። የመከራው ዓይነት በበዛ ቁጥር የልብ፣ የሳንባና የጉበት ሕመምም በዚያው ልክ እየበዛ ሄደ። ያ ጥናት ስለ ሰው ሁሉ ነው። ወደ ጋሼ ሕመም ስንመጣ ደግሞ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ሕመሙ ከሌለባቸው ይልቅ የልጅነት ጉዳት ደርሶብናል የማለታቸው ዕድል በ2.6 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሮበርት ፖስት የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ፣ በኔዘርላንድስና በጀርመን ያሉ ባይፖላር ታማሚዎችን ጠይቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራም አለ፤ የልጅነት መከራው የበዛበት ታማሚ፣ ካደገ በኋላ የሚደራረቡበት የአካል ሕመሞችም ይበዛሉ።

ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው የሚል ካለ፣ ቡታጅራ አለችለት። እዚያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታተሏቸው፤ ባይፖላር ያለባቸውም በውስጡ ነበሩ። 121 ሰዎች ሞቱ። የሞቱት ከሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ራስን ማጥፋትና አደጋ ነበረበት፤ ግማሽ ያህሉን የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው፤ ሐኪም ቤት ሊያየው የሚችለው የሰውነት ሕመም ማለት ነው። ይህን ስናነብ ሂሳብ የምትይዘዋ እህት ወረቀቱን አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች።

እንዴት እንዲህ እንደሚሆን ሐኪሟ ያስረዳችን ይህን ያህል ነው። የሚፈራ ልጅ ሰውነት ሁልጊዜ ለመሮጥ እንደተዘጋጀ ይኖራል። ለድንገተኛ አደጋ የተፈጠረው የጭንቀት ሆርሞን በየቀኑ ሲፈስ እንቅልፍን፣ ግፊትን፣ ስኳርንና የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ያዛባል። ልጁ ሲያድግ ደግሞ ሕመሙን ለማስታገስ ሲጋራ፣ አልኮል ወይም ጫት ይይዛል። ባይፖላሩ ሲመጣ ከፍ ባለው ጊዜ እንቅልፍና ምግብ ይጠፋል፤ ዝቅ ባለው ጊዜ ከአልጋ አይወረድም። በላዩ ላይ እንደ ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶች ክብደትና ስኳር ይጨምራሉ። በሂሳብ መዝገብ አዲስ ገጽ ስንገልጥ ከላይ «ካለፈው የዞረ» ብለን እንጽፍ የለ? የጋሼም ገጽ ባዶ አልነበረም። እኛ ግን ከዜሮ እንደሚጀምር ሰው አየነው።

ሁለት ነገር ግን በተሳሳተ እንዳይያዝብን። አንደኛ፣ በልጅነቱ የተገረፈ ሁሉ ባይፖላር አይሆንም፤ ባይፖላር ያለበትም ሁሉ የተገረፈ አይደለም። ሕመሙ በዘርም በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ልጁ የታመመበት ወላጅ ጥፋተኛ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ። ሁለተኛ፣ የዞረ ዕዳ መኖሩ ኪሳራ ነው ማለት አይደለም። ግፊት ይታከማል፤ ስኳር ይታከማል፤ ሲጋራ ይተዋል። መድኃኒቱንም «ስኳር አመጣብን» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታስቆሙ። ጋሼን ሐኪሙ መድኃኒቱን በሌላ ቀየረለት እንጂ ዝም ብሎ አላስቆመውም። በድንገት ያቆመ ሰው ምን እንደሚደርስበት በ1995 ዓ.ም. ካየነው የባሰ ሊሆን ይችላል።

አሁን የምናደርገው ይህ ነው። አንድ ደብተር ገዛን። እንቅልፉን እንደ ድሮው እንጽፋለን፤ ከጎኑ ክብደቱን፣ የወገቡን ዙሪያ፣ ግፊቱንና ስኳሩን እንጽፋለን። ግፊት 140/90 ካለፈ፣ ሳይበላ ጠዋት የተለካ ስኳር 126 ከደረሰ ሌላው ሰው በሽታ አለብህ ይባላል፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም ልኩ ያው ነው። ሊቲየም ስለሚወስድ የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ፣ ኩላሊቱና የእንቅርት ዕጢው በየጊዜው ይመረመራል። እግሩን ማታ ማታ ራሱ ያያል፤ የማያየውን እኛ እናይለታለን።

ሊቲየም ለሚወስድ መንገደኛ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በቆላው ሙቀት ላብ ሲበዛ፣ ተቅማጥና ትውከት ሲይዝ፣ ወይም በጾም ውሃ ሳይጠጣ ሲዋል መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል። የእኛም ጾም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ኬላ ላይ ወገባችንን ባመመን ቁጥር ከፋርማሲ የምንገዛቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል፤ ለእሱ አትስጡት። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ካስታወከው፣ አንደበቱ ከተሳሰረ ወይም ከተንገዳገደ፣ «ይለፍለታል» ሳትሉ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ሐኪም ቤት ስንገባ ደግሞ አነጋገራችንን ለውጠናል። ድሮ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» እንል ነበር። አሁን መጀመሪያ የመጣንበትን እንናገራለን፤ «ሁለት ሳምንት ውሃ ጠማው፤ ስኳሩን ለኩልን። ሌላ መድኃኒትም ይወስዳል፤ ዝርዝሩ ይኸው።» «ከመድኃኒቱ ነው» ካሉን «ሊሆን ይችላል፤ ተለክቶ እንወቀው» እንላለን። እስካሁን የተቆጣን የለም።

በመጨረሻ ሳንጽፈው ልናልፍ ያሰብነውን እንጻፍ።

ጋሼ ሆስፒታል ሳለ ትንሿ እህታችን ልጇ ቤት አልነበረም። 11 ዓመቱ ነው። ናይሮቢ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ስለምትቆይ በባሏ ወገን ዘመድ ቤት ታስቀምጠው ነበር። ብርና አስቤዛ ትልካለች፤ በስልክም «ደህና ነው» ይሏታል። ጋሼ ታሪኩን ለሐኪሟ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ልጁ የት ነው የሚተኛው?» አላት።

አላወቀችም።

«ከቤቱ ልጆች ጋር ነው የሚበላው ወይስ በኋላ?»

ይህንንም አላወቀችም። በማግስቱ ሄደች። ማንም አልገረፈውም፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን የሚበላው ለብቻው ነበር፤ የሚተኛው ከበሩ አጠገብ፤ ሲናገር ደግሞ ቀና ብሎ አያይም። ልጁን ይዛው መጣች። የናይሮቢውን ምልልስ ትታ አሁን እዚሁ ሞያሌ ሳሙና በችርቻሮ ትሸጣለች። ትርፏ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሁለታችን እናግዛታለን። አንዳንድ ወር ይከብደናል፤ ኪሣችን አልተነካም ብለን አንዋሽም።

ሁላችሁም እንደ እሷ አድርጉ ማለት አንችልም። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ለእናት፣ ለአክስት፣ ለሠራተኛ ትተን ካልወጣን እንጀራ የለም። ግን በስልክ «እንዴት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ደህና» የሚለው መልስ ለጋሼም እናት ለሦስት ዓመት ይደርሳት ነበር። የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ሲያጠፋ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። ልጁን ለብቻው አነጋግሩት። ሳትነግሩ ድረሱ።

ቤታችሁም እንደ ጋሼ ያለ ሰው ካለ፣ እንቅልፉን ስትጠብቁ ሰውነቱን አትርሱ። በዚህ ሳምንት ግፊቱንና ስኳሩን አስለኩለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ የደበቅነው በሽታውን ብቻ አልነበረም፣ ልጅነቱንም ጭምር ነው።

ጋሼ በከዘራ ይራመዳል፤ ሲጋራውን ከቀን አንድ ፓኬት ወደ ሦስት ፍሬ አውርዶታል፤ ሦስቱን ግን እስካሁን አልተወም። ጠዋት ጠዋት የእህታችንን ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሰዋል፤ ሐኪሟ በእግር ተንቀሳቀስ ስላለችው ለእሱም ይጠቅመዋል። ዛሬ ጠዋት ግፊቱ 138/86፣ ስኳሩ 131 ነበር። ገና ነው፤ ግን እናውቀዋለን።

መልካም መንገድ፣ መልካም ገበያ፣ ከሁሉ በላይ ጤና ይስጥልን።